የቸኮለ ሰው ከሌለ

የጋሼ ፈለቀን ሞት የሰማሁት ላውንደሪ ክፍል ውስጥ ነው። ተራዬ ነበር። ማሽኑ ገና አረፋ ማውጣት ሲጀምር እትዬ የሺ ምርኩዛቸውን ይዘው በሩ ላይ ቆሙና፣ "ደብሪቱ፣ ፈለቀ እኮ አረፈ" አሉኝ። ወንበሩ ላይ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። ማሽኑን ግን አላጠፋሁም፤ ልብሴንም ጥዬ አልወጣሁም። ይህንን የሰሙ አንዳንድ ሴቶች "እንዴት ያለች ጨካኝ ናት" ብለው አምተውኛል። ይሙኝ። እኔ ሟቹን አውቃለሁ። ተራዬን ትቼ ስሮጥ ቢያዩኝ ኖሮ ከተኙበት ተነሥተው "እትዬ ደብሪቱ፣ ሰልፍ አያበላሹብኝ" ይሉኝ ነበር።

ልብሴ ታጥቦ ሲያልቅ እንደ ደንቡ በሩ አጠገብ ያለውን አረንጓዴ ቁልፍ ተጫንኩ። ኮሪደሩ ግድግዳ ላይ የተሰቀለው የብስኩት ቆርቆሮ ቀጣዩን ባለ ተራ ጠራ። ማንን እንደጠራ እነግራችኋለሁ፤ ተራው ሲደርስ።

የምንኖርበት ሕንፃ በዚህ በስደት አገር፣ ኢንተርናሽናል አቬኑ ከሚባለው መንገድ ትንሽ ገባ ብሎ ያለ፣ አዛውንት ብቻ የሚኖሩበት ባለ ሦስት ፎቅ ነው። አሥራ ስድስት ቤት ነን። ከአንዲት የፊሊፒንስ ሴትና ማሬክ ከሚባል ዝምተኛ ፖላንዳዊ በቀር ሁላችንም አበሾች ነን። ለአሥራ ስድስት ቤት ያለን አንድ ልብስ ማጠቢያና አንድ ማድረቂያ ነው። እኔ ከአራተኛ ክፍል ያላለፍኩ ሰው ነኝ፤ ግን አንድን ማሽን ለአሥራ ስድስት ቤት ሲያካፍሉት መልሱ ጠብ እንደሆነ ለማወቅ አምስተኛ ክፍል መግባት አያስፈልግም።

ጋሼ ፈለቀ ከመምጣታቸው በፊት ሕጉ ይህ ነበር፦ ቀድሞ የነቃ ያጥባል፤ ክርኑ የጠነከረ ደግሞ ቀድሞ የነቃውን ያስወጣል። የአንዱን እርጥብ ልብስ ሌላው አውጥቶ ወለል ላይ ይቆልላል። በዎከር ተደግፈው የሚሄዱት ደርሰው እስኪዞሩ ማሽኑ ተይዟል። አንድ ቀን የማሬክ ካልሲዎች አሳንሰሩ ውስጥ ተበትነው ተገኙ። ማን እንደበተናቸው እስከ ዛሬ አልታወቀም። እኔ አይደለሁም።

ጋሼ ፈለቀ ሦስተኛ ፎቅ ላይ የገቡ ሳምንት ነው ይህን ጠብ ያዩት። በሩ ላይ ቆመው ትንሽ ተመለከቱ። ከዚያ ሁለት ጣታቸውን አፋቸው ውስጥ አስገብተው አፏጩ፤ ቀኝ እጃቸውን መዳፉን ወደ ታች አድርገው ዘረጉ። ማን እንዳዘዘን ሳናውቅ ግድግዳውን ተደግፈን ተሰለፍን። ማሬክ ሳይቀር።

ሥራቸው ነበር ለካ። በጉብዝናቸው አዲስ አበባ የታክሲ ተራ አስከባሪ ነበሩ። እዚህ ሲመጡ ደግሞ ፉትሂልስ ኢንዱስትሪያል በሚባለው የፋብሪካ ሰፈር አንድ መጋዘን ግቢ ቆመው የትኛው ትራክ የትኛው በር ላይ እንደሚጠጋ ሲያሳዩ ሃያ ዓመት ኖሩ። "ሁለት አገር፣ አንድ ሥራ" ይሉ ነበር። "እዚያም ሰው ይሰድበኝ ነበር፣ እዚህም ሰድቦኛል። የሚለየው ብርዱ ነው።" እርሳስ ከጆሯቸው ላይ አይለይም። ሲራመዱ እንኳ ከፊታቸው ያለውን ሰው በእጃቸው እያሳለፉ ነው። ከሁሉ የሚደጋግሙት አባባል "ተራ የሰው ፊት አያይም" የምትል ነበረች።

ከእኔ ጋር የተጣላነው በዚያው በመጀመሪያው ቀን ነው። "እትዬ ደብሪቱ" አሉኝ። እትዬ የሚባለው ታላቅ ነው። ሰውየው ፀጉራቸው ጥጥ መስሏል፤ ጉልበታቸው ደረጃ ላይ ይንቋቋል፤ እኔን ታላቄ ሊያደርጉኝ። እኔም ዝም አላልኩም። "ምን አሉኝ፣ ጋሼ ፈለቀ?" አልኩ፣ ጋሼዋን ጠበቅ አድርጌ። ገባቸው፤ ሳቁ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ስድስት ዓመት ሙሉ እሳቸው እኔን በእትዬ፣ እኔ እሳቸውን በጋሼ እየተወጋጋን ኖርን።

ፉጨት ለዘለቄታው አይሆንም፤ ሰው ቀኑን ሙሉ በር ላይ ቆሞ አያፏጭም። ስለዚህ ጋሼ ፈለቀ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ለአዛውንት በነፃ የሚሰጥ የኮምፒውተር ትምህርት ገቡ። ክረምቱን ሙሉ በበረዶ እየተንሸራተቱ ተመላለሱ። በጸደይ አንዲት ትንሽ ኮምፒውተር ይዘው መጡ፤ ሁለት የክብሪት ሳጥን ጎን ለጎን ቢቀመጥ ነው፣ ከዚያ አትበልጥም። ብስኩት የተሸጠበት ቆርቆሮ ውስጥ ከተቷት፤ ልጃቸው ሰብለ ኮርነርስቶን ሰፈር አዲስ ቤት ስትገባ የጣለችውን ስክሪን አገናኙላት፤ ኮሪደሩ ላይ ሰቀሏት። ለእያንዳንዱ ቤት ሁለት ሰዓት፣ ከጠዋቱ ሁለት እስከ ማታ ሁለት። የጨረሰ ሰው አረንጓዴውን ቁልፍ ይጫናል፤ ቆርቆሮው ቀጣዩን ይጠራል። የሚጠራውም በራሳቸው ድምፅ ነው፤ አንድ በአንድ ቀድተውታል፣ ልክ ታክሲ ተራ እንደቆሙ፦ "እትዬ የሺ! ገባ ይበሉ፣ ገባ ይበሉ!" ማሬክንም "ጋሼ ማሬክ!" ብለው ነው የቀዱት። ሰውየው ትርጉሙ ሲነገረው ኮፍያውን አነሣ።

ዝርዝሩን ያወጡት እንደ እኛ ወግ ነው። መጀመሪያ ካህን፦ አባ ወልደ ማርያም፣ አንደኛ ፎቅ ያሉ መነኩሴ። ቀጥሎ በዕድሜ፣ ከታላቅ ወደ ታናሽ። እትዬ የሺ ሰማንያ አራት ስለሆኑ ሁለተኛ። እኔ ጋ ሲደርሱ እርሳሳቸውን ከጆሯቸው አውርደው ዕድሜዬን ጠየቁኝ። ዕድሜዬን ለልብስ ማጠቢያ ማሽን እንደማልናገር ነገርኳቸው። "እንግዲያው ዕድሜ ያልተናገረ መጨረሻ ነው" አሉ። "ይሁን" አልኩ። መጨረሻ ግን አልሆንኩም፤ ከእኔ በኋላ ራሳቸውን ጻፉ። ተራ አስከባሪ ተሳፋሪ ሳያልቅ አይሳፈርም። የራሳቸውን ስም የቀዱት በሌላ ድምፅ ነበር፤ ጩኸት የለውም፤ እንደ ማፈር ብለው፦ "የቸኮለ ሰው ከሌለ... ፈለቀ።"

የቸኮለ ሰው ደግሞ መቼ ይጠፋል። ያቺ ድምፅ በተሰማች ቁጥር አንዱ ቅርጫቱን ይዞ ብቅ ይላል። ሐኪም ቤት ልሄድ ነው፣ እንግዳ ሊመጣብኝ ነው። እሳቸውም በእጃቸው ያሳልፉታል።

ችግሩ ቆርቆሮው መውደቅ ማብዛቱ ነበር። ደህና ሲጠራ ይቆይና በድንገት ስክሪኑ ይደርቃል። ቁልፉን ቢጫኑት መልስ የለም። ኮምፒውተሩ ተበላሸ ስንል ጋሼ ፈለቀ ይቆጡ ነበር። "ኮምፒውተሩ ደህና ነው፤ ፕሮግራሙ ነው ክራሽ ያደረገው። ታክሲው ሞተሩ እየሠራ ሾፌሩ ራሱን እንደሳተ ይቁጠሩት።" ሾፌሩን ለማንቃት ከሦስተኛ ፎቅ ይወርዳሉ፤ ገመዱን ነቅለው መልሰው ይሰካሉ፤ ፕሮግራሙ ከመጀመሪያው ስም ሲነሣ እሳቸው የቆመበትን በቃላቸው ስለሚያውቁ ቁልፉን እየተጫኑ እስከ ባለ ተራው ያደርሱታል። በኋላ መውጣት መውረዱ ሲሰለቻቸው ኮሪደሩ ላይ ወንበር አስቀምጠው ቀኑን ሙሉ ሲጠብቁት ዋሉ። ሰውን ከመጠበቅ ያሳርፈኛል ያሉት ማሽን እሳቸውን ዘበኛ አድርጎ ቀጠራቸው ብዬ ስቄባቸዋለሁ።

ከማረፋቸው አንድ ዓመት ቀደም ብሎ ግን፣ በመኸር፣ በየሁለት ቀኑ ከቤት የሚያስወጣቸው ነገር መጣ። የት እንደሚሄዱ አይናገሩም። ሲሄዱ ቆርቆሮው በራሱ እንዲነሣ መላ መፈለግ ያዙ። መጀመሪያ ያመጡት በክረምት የመኪና ሞተር ማሞቂያ የሚሰካበትን ሰዓት ነበር፤ በየሁለት ሰዓቱ መብራቱን ቆርጦ ይመልሳል። ያ ሰዓት ግን የታመመና ጤነኛ አይለይም። ደህና የሚሠራውን ሾፌር በየሁለት ሰዓቱ በጥፊ ይቀሰቅሰዋል። በሁለተኛው ቀን ነቅለው ጣሉት።

በሳምንቱ ሁላችንንም ኮሪደሩ ላይ ሰበሰቡን። ዓይናችን እያየ ፕሮግራሙን ሆን ብለው ጣሉት። ስክሪኑ ደረቀ። እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው ቆሙ። አንድ ደቂቃ ሳይሞላ ቆርቆሮው በራሱ ነቃና "አባ ወልደ ማርያም! ገባ ይበሉ!" አለ። ሴቶቹ እልል አሉ።

"ማን ቀሰቀሰው?" አልኳቸው።

"ወያላ ቀጠርኩለት። ሌላ ትንሽ ፕሮግራም ነው። በየደቂቃው 'አለህ?' ይለዋል። 'አለሁ' ካላለ አውርዶ እንደ አዲስ ያስነሣዋል።"

"ወያላው ራሱ ቢተኛስ?"

"እትዬ ደብሪቱ፣ ወያላ ሲተኛ አይተው ያውቃሉ?"



በማግስቱ ወጡ። ቆርቆሮው ወደቀ፣ ተነሣ፤ ወደቀ፣ ተነሣ። በተነሣ ቁጥር ግን ከዝርዝሩ ራስ ነው የሚጀምረው። ቀድሞ የቆመበትን የሚያስታውሱት ጋሼ ፈለቀ ነበሩ፤ አሁን እሳቸው የሉም። አባ ወልደ ማርያም በዚያ አንድ ቀን አሥራ አንድ ጊዜ ተጠሩ። መነኩሴ ናቸው፤ ያላቸው ሁለት ቀሚስና አንድ ጋቢ ነው። ሲጠሩ እምቢ ማለት ትዕቢት ይሆንብኛል ብለው ሁልጊዜ ወረዱ። ጠዋት ቀሚሱን አጠቡ፤ ቀጥሎ ጋቢውን፤ ቀጥሎ ፎጣ፤ ቀጥሎ መጋረጃ። በስምንተኛው ባዶ እጃቸውን መጥተው ማሽኑን ባርከው ተመለሱ።

እንዲህ እያለ አምስት ሳምንት ሄደ። ከዝርዝሩ ወገብ በታች ያለን ሰዎች ተራችን ጭራሹን አይደርስም። ልጄ ልብስሽን አምጪና እኛ ቤት ላጥብልሽ አለችኝ። ተራ እያለኝ ለምን በልመና አጥባለሁ አልኳት። ጋሼ ፈለቀ አንድ ቀን ሲሄዱ፣ በማግስቱ ደክሟቸው ተኝተው ሲውሉ አያለሁ። ማሽኑን በራሱ እንዲነሣ አድርገው እሳቸው ዓለማቸውን ሊቀጩ ሄዱ ብዬ ነደደኝ። ለሕንፃው ማናጀር የቅሬታ ወረቀት አስጻፍኩ፦ "ይህ ማሽን ከላይ ላሉት ያደላል። የሠራውም ሰው ትቶት ሄዷል።" ስሜን በራሴ እጅ ፈረምኩ።

ማናጀሯ ወጣት ናት፤ ክፉ አይደለችም፤ ግን ሁሉንም ነገር በስልክ ካልሆነ አታምንበትም። አንድ ወር እሰጣለሁ አለች። በዚህ ወር ውስጥ ሌላ ቅሬታ ካልመጣና በመጨረሻው ቀን መጥታ ስታየው ማሽኑ በትክክል ከጠራ ይቀመጥ። ካልሆነ ላውንደሪው በቁልፍ ይዘጋል፤ ተራ የሚያዘው በስልክ ብቻ ይሆናል። ከአሥራ ስድስታችን እንዲህ ያለውን ስልክ መጠቀም የሚያውቁት አራት ናቸው። የቀረነው ልጆቻችን እስኪመጡልን በቆሻሻ ልብስ ልንቀመጥ ነው። እንግዲህ እሳቱን የለኮስኩት እኔው ነኝ።

ቢሆንም ንዴቴ አልበረደም። ሦስተኛ ፎቅ ወጥቼ በራቸውን ደበደብኩ። ሲከፍቱ ከፊት ለፊቴ መታጠቢያ ቤቱ ይታያል። ከመጋረጃው ዘንግ ላይ አምስት ሸሚዝ ተንጠልጥሎ ይንጠባጠባል። ገንዳው ውስጥ ሌላ ተዘፍዝፏል። የግራ ክንዳቸው ላይ ጥጥ በፕላስተር ተለጥፎበታል፤ በቀኛቸው ብቻ ነው የሚጨምቁት።

"ምንድን ነው ይሄ?" አልኩ።

"ልብስ ነዋ። የእኔም ተራ አልደረሰም።"

"ክንድዎስ?"

"ኩላሊቴ ሥራ አቁሟል፣ እትዬ ደብሪቱ። ደሜን በማሽን ያጥቡልኛል። እኔም ተራ ተሰጥቶኛል፤ ሰኞ፣ ረቡዕ፣ ዓርብ። አራት አራት ሰዓት። እዚያ ማንም አይጋፋም።"

ያን ቅሬታ ያስጻፍኩት እኔ እንደሆንኩ ነገርኳቸው። ያውቁ ኖሯል፤ ማናጀሯ አሳይታቸዋለች። አልተቀየሙም። ያስከፋቸው "ያደላል" የምትለው ቃል ብቻ ነበረች። በሁለት አገር ብዙ ስድብ ጠግበዋል፤ አድልተሃል ብሎ የሰደባቸው ግን አልነበረም። ሸሚዞቹን ከዘንጉ ላይ አውርጄ ልጨምቅ ጀመርኩ። አይሆንም አሉ፤ ዝም ይበሉ አልኳቸው።

እየጨመቅኩ ነገሩን አወጣን አወረድን። መጀመሪያ ለምን እንዲህ አብዝቶ እንደሚወድቅ ማወቅ ነበረብን። በማግስቱ የፖስታ ሳጥኖቹ ጥግ ተቀምጬ ዳዊቴን የምደግም መሰልኩ። ረፋዱ ላይ፣ የፊሊፒንሷ ሴት ልብሷን አውጥታ ቁልፉን ከመጫኗ በፊት፣ እትዬ የሺ መጡ። ግራ ቀኝ አዩ። ቁልፉን በምርኩዛቸው ጫፍ ጠቅ ጠቅ አደረጉ። ስክሪኑ ደረቀ። በደቂቃው ቆርቆሮው ነቅቶ አባን ጠራ። አባ ወረዱ፤ የሚታጠብ የለኝም ብለው ቁልፉን ተጭነው ተመለሱ። ቀጥሎ የተጠራው ማን እንደሆነ ታውቃላችሁ።

"እትዬ የሺ" አልኩ፣ ከጥጌ ተነሥቼ፣ "ምን እያደረጉ ነው?"

ሰማንያ አራት ዓመታቸው ነው፤ ዓይናቸው እንኳ አልረገበም። "አባን እየጠራሁላቸው ነዋ። ካህን ቅድሚያ ይገባዋል።"

ይህን ማን እንዳስተማራቸው አላውቅም፤ ግን ቁልፉን ቶሎ ቶሎ ሁለት ጊዜ ሲጫኑት ፕሮግራሙ እንደሚወድቅ ከሠሪው ቀድመው የደረሱበት እሳቸው ናቸው። ይዤ ወደ ጋሼ ፈለቀ አቀረብኳቸው። ሲመረመሩ የሚያጥቡት የታጠበ ልብስ ሆኖ ተገኘ። የሚፈልጉት ማድረቂያውን ነበር፤ ጉልበታቸውን አስጠግተው ሲቀመጡ ቁርጥማቱ ይለቃቸዋል። ጋሼ ፈለቀ አልተቆጡም። የራሳቸውን የኮሪደር ወንበር አንሥተው ማድረቂያው አጠገብ አኖሩላቸው። "ለመሞቅ ተራ አያስፈልግም፤ ማንም ሲያጥብ ይቀመጡ" አሏቸው።

ቁልፉንም አስተካክላለሁ አሉ። ግን ነገ ሌላ የሚጥለው ነገር ይመጣል። "እንዳይወድቅ ቃል አልገባም፣ እትዬ ደብሪቱ። መውደቅ ነውር የለውም። ነውሩ ሲነሡ ሰው መግፋት ነው።" ጭንቃቸው ይህ ነበር፦ ወያላው ያነሣዋል፤ ግን ሲነሣ የት እንደነበር አያውቅም።

እኔ ኮምፒውተር አላውቅም። እንቅልፍ ግን አውቃለሁ። "እኔ ዳዊት ስደግም ይጥለኛል" አልኳቸው። "ስነቃ ከመጀመሪያው መዝሙር አልጀምርም። ገጹ መካከል ያኖርኩትን ክር አይቼ ካቆምኩበት እቀጥላለሁ። ለዚህም ክር ያድርጉለት።"

እርሳሳቸውን ከጆሯቸው አወረዱ። "ክሩን የሚያስገቡት ከደገሙ በኋላ ነው በፊት?"

"በፊት ነዋ። መጀመሪያ ክሩን ወደ ገጹ አገባለሁ፣ ከዚያ አነባለሁ። እንቅልፍ አስጠንቅቆ አይመጣም።"

ከዚያ አጎንብሰው ጻፉ። ቆርቆሮው ስም ከመጥራቱ በፊት መጀመሪያ የሚጠራውን ይጽፋል፤ ቢወድቅም ሲነሣ የጻፈውን አንብቦ ይቀጥላል። የጻፈበትንም ቦታ "ክር" ብለው ሰየሙት። ሦስት ቀን ሠሩበት፤ እጥበት ላይ ተኝተው ሳይቀር በአንድ እጃቸው ይጽፉ ነበር።

የወሩ መጨረሻ ረቡዕ ዋለ። የእሳቸው ቀን ነው፤ ሊገኙ አይችሉም። "ይሻላል" አሉኝ ሲወጡ። "እኔ ካለሁ ፈተና አይባልም።"

ማናጀሯ ከሰዓት በኋላ መጣች። ሁላችንም ኮሪደሩ ላይ ነን። ውስጥ የሚታጠበው የማሬክ ልብስ ነው። ስክሪኑን አየች፣ ዝርዝሩን አየች፣ በስልኳ ፎቶ ልታነሣ ስትል ስልኳ ባትሪ ጨርሶ ጠፋባት። ግድግዳውን ዞር ዞር ብላ አየችና የመጀመሪያውን የመብራት ገመድ ነቅላ የስልኳን ቻርጀር ሰካች። የነቀለችው የቆርቆሮውን ነበር።

ስክሪኑ ደረቀ። እሷም መሳሳቷን አወቀች፤ ፊቷ ቀልቶ ገመዱን መልሳ ሰካች። ይህ እንግዲህ ሾፌሩ ብቻ አይደለም፤ ታክሲውም ወያላውም አብረው ነው የወደቁት። ትንሿ አረንጓዴ መብራት ብልጭ ድርግም አለች። ጠበቅን። እትዬ የሺ ምርኩዛቸውን ጨብጠዋል። አባ ወልደ ማርያም፣ ከልማድ የተነሣ፣ ፎጣቸውን ይዘው ከወንበራቸው ተነሡ።

"ጋሼ ማሬክ! ገባ ይበሉ፣ ገባ ይበሉ!"

አባ ተመልሰው ተቀመጡ፤ እፎይ ሲሉ ሰምቻለሁ። የማሬክ ቀሪ ደቂቃ እንኳ ሳይጠፋ ስክሪኑ ላይ ነበር። ማናጀሯ ቅሬታ ያለው ካለ ብላ ጠየቀች፤ አብዛኞቻችን አበሾች ስለሆንን ገለልተኛ ሰው ፈልጋ ማሬክን አየችው። በዚህ ሕንፃ ውስጥ ድምፁን ለመጀመሪያ ጊዜ የሰማነው ያን ጊዜ ነው። "ፌር ነው" አለና ልብሱን ሊያይ ገባ።

እጥበት ላይ ወዳሉት ወደ ጋሼ ፈለቀ ደወልኩ። ወደቀ ወይ አሉኝ። ወደቀ አልኳቸው። "ከአባ ነው የጀመረው?" ድምፃቸው ቀጥኗል።

"ከማሬክ።"

ከዚያ ማን እንደጣለው ስነግራቸው፣ ስለ ስልኩም ስነግራቸው፣ ነርሷ መጥታ ምን ሆኑ እስክትል ሳቁ።

ከዚያ በኋላ አንድ ክረምትና አንድ በጋ ኖሩ። ቆርቆሮው ይወድቃል፣ ይነሣል፣ ከክሩ ይቀጥላል። እኔም በሦስት ቀን አንዴ ተራዬ ይደርሰኛል። ከእኔ ቀጥሎ እሳቸው ይጠራሉ፤ የቸኮለ ሰውም አይጠፋም። ሸሚዞቻቸውን ከእኔ ልብስ ጋር እንዳጥብ ብዙ ለመንኳቸው። "በአንድ ተራ ሁለት ሰው አይሳፈርም" አሉኝ። መጨረሻ ላይ ሰብለ ወደ ኮርነርስቶን እየወሰደች ታጥብላቸው ጀመር።

ያን ቀን፣ እትዬ የሺ ከነገሩኝ በኋላ፣ ቁልፉን ተጭኜ የተጠራው ስም እንግዲህ የእሳቸው ነው። በራሳቸው ድምፅ፣ በዚያች ማፈር ባለባት ድምፅ። ኮሪደሩ ላይ ቅርጫት የያዙ ሦስት ሰዎች ነበሩ። ማንም አልገባም። ሁለት ሰዓት ሙሉ ክፍሉ ባዶ ቆየ።

ቀብሩ እስኪደርስ ሳምንት አለፈ፤ በመካከሉም ሁለት ጊዜ ተጠሩ። ማናጀሯ ስማቸው ከዝርዝሩ ይውጣ አለች። ልክ ናት፤ ለሞተ ሰው ተራ መያዝ በቆመ ሰው ላይ ግፍ ነው፤ እኔም በኋላ ይውጣ ያልኩት ነኝ። ግን አንድ ተራ ይገባቸዋል አልኳት። ያ ሰው ዝርዝሩን ከሠሩ ጀምሮ በተራቸው አንድ ቀን አላጠቡም። አንዴ ያጥቡ፤ ከዚያ ይሰረዙ። ክፉ አይደለችም ብያለሁ፤ እሺ አለች።

በቀብሩ ላይ የሕይወት ታሪካቸው ሲነበብ ሰባ አራት ዓመታቸው እንደነበር ሰማሁ። በአራተኛው ቀን ሰብለ ለቤተ ክርስቲያን የሚሰጠውን የአባቷን ልብስ በሁለት ሻንጣ ይዛ መጣች፤ ታጥቦ እንዲሰጥ ነው። የእኔ ተራ እስኪያልቅ ኮሪደሩ ላይ ተቀምጣ፣ ከተራው በኋላ የአባቷን ስም ልትሰርዝ፣ በኮምፒውተሯ ዝርዝሩን ከፈተች። በየስሙ አጠገብ ዕድሜ ተጽፏል። ከእኔ ስም አጠገብ ቁጥር የለም፤ አባቷ የጻፉት ሌላ ነገር ነው። አነበበችልኝ፦ "አልነገሩኝም። ከእኔ ትንሽ ያንሳሉ።"

እዚህ ላይ ፍትሕ የምወድ ሰው ስለሆንኩ እውነቱን መናገር አለብኝ። እኔ ሰባ ሰባት ዓመቴ ነው። ስድስት ዓመት ሙሉ "ጋሼ" ያልኩት ሰው በሦስት ዓመት ታናሼ ነበር።

ልብሴን አወጣሁ። ቁልፉን ተጫንኩ።

"የቸኮለ ሰው ከሌለ... ፈለቀ።"

ኮሪደሩን አየሁ። ማሬክ ቅርጫቱን ወለል ላይ አስቀምጦ ቆሟል። አባም፣ እትዬ የሺም ቆመዋል። ሰብለ ሻንጣዋን ይዛ በሩ ላይ ታመነታለች። እጄን መዳፉን ወደ ታች አድርጌ ዘረጋሁና ለቆርቆሮው መለስኩለት።

"የቸኮለ የለም" አልኩ። "ግባ፣ ፈለቀ።"